ኮሶና ኮርስ

ሻርጃ፣ ከሮላ ጀርባ፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
ስድስት ሴት በአንድ ክፍል፣ የእኔ አልጋ ከላይ፤
ጣሪያው ከግንባሬ ቢርቅ አንድ ክንድ፣
ወረቀቴ ላይ ግን የሁለት ዓመት መንገድ።

የሰባት ቁጥር አውቶብስ የተማሪ ዝርዝር፤
ፊቱ ስም፣ ፊርማ፣ የመውረጃ ሰፈር፤
ጀርባው ነጭ፤
እዚያ ላይ ጀመርኩ ማስተርሴን ማስመር።

«የትምህርት ቤት ሥነ ልቦና»፤
ለአፍም ይረዝማል፣ ለኪስ ይብሳል ገና።
ሠላሳ ስድስት ክሬዲት፣ በየመንፈቁ ዘጠኝ፤
ሒሳቡ ቀላል ነበር፣ ደሞዜ ባይከዳኝ።
ስታትስቲክስን ከሁሉም መጀመሪያ ጻፍኩት፤
ኮርስና ኮሶ አንድ ነው፣ በባዶ ሆድ ይጠጡት።
ከዚያ የልጅ እድገት፣ ከዚያ ምዘና፣ ከዚያ ምክር፤
«የሙያ ሥነ ምግባር» መጨረሻ ላይ ይደር።

ከታች ያለች ብርዛፍ ፍራሼን በእግሯ ነክታ፣
«ቀኑን ሙሉ ልጅ ቆጥረሽ፣ ደግሞ ቁጥር ለማታ?
አሥር ተኩል ላይ ተነሺ ነኝ፤ አጥፊው ይሄን መብራት።»
አጠፋሁት።
በጨለማው ውስጥ ዘጠኝ ሲካፈል ለስንት?

ፀሐይ ገና ሳትወጣ ሙቀቷ ቀድሞ ወጣ፤
ቢጫው አውቶብሳችን ኢክባልን ይዞ መጣ።
አነሣለሁ፣ ቀበቶ አስራለሁ፣ ቆጥሬ እደግማለሁ፤
የማን ልጅ በምን እንደሚባባ በእጁ አያያዝ አውቃለሁ።
ከሐዋሳ ያመጣሁት ዲግሪ ሻንጣ ውስጥ ታጥፏል፤
እዚህ የሚጠራኝ ሁሉ «ናኒ» ብሎ ያልፋል።

ሙዓዝ፣ ሰባት ዓመቱ፣ ሦስተኛው ረድፍ በስተቀኝ፤
ክፍል ውስጥ አይናገርም፣ አንድ ቃል እንኳ የለም አሉኝ።
መምህርቱ «ግትር ነው» ብላ፣
እናቱ «ቤትስ ወፍ ነው» ብላ በልጇ ምላ፤
በሁለቱ መሐል እሱ፣ ቦርሳውን እንደ ጋሻ ይዞ።

አንድ ጠዋት አል ኢቲሃድ ላይ፣ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ፣
ከንፈሩን ወደ መስታወቱ አስጠግቶ፣
የሕንፃ ክሬን ይቆጥራል፤ «ዋሒድ፣ ኢትኔን፣ ተላታ...»
እኔም ወደ ሌላ እያየሁ፣ «አርባዓ» አልኩኝ በዝግታ።
ዞሮ አላየኝም።
«ኸምሳ» አለ።
መኪናው ተንቀሳቀሰ።

ሚስ ናጅላን፣ አማካሪዋን፣ ኮሪደር ላይ ጠበቅኋት፤
የወረቀቱን ፊት አይታ ሳቀች፣ ጀርባውን ገለጥኩላት።
«ልምምዱ ስድስት መቶ ሰዓት ነው፤ እኔ እፈርምልሻለሁ፤
ስታትስቲክስን ግን ብቻውን ውሰጂ፣ ወድቄበታለሁ።»
«የአውቶብሱስ ሰዓት?» አልኳት።
«አይቆጠርም» አለች፣ ከልቧ እያዘነች።
ሦስት ዓመት፣ በቀን አራት ሰዓት፤
ማባዛቱን ተውኩት።

ስለ ሙዓዝ ልነግራት አፌን ከፍቼ ዘጋሁ፤
የእሱን ድምፅ ያለ እሱ ፈቃድ ማውጣት ፈራሁ።
መናገር ነው እርዳታው? ወይስ ዝም ማለት?
የትኛው ኮርስ ያስተምራል፣ በየትኛው ዓመት?

ማታ እንደገና አሰመርኩ፤ ዘጠኙን ወደ ስድስት፣
ሁለቱን ዓመት ወደ ሦስት፤
ለእህቴ የምልከውን ከሁሉ በላይ አስፍሬ፣
«ቪዛዬ ከታደሰ» የምትለዋን በእርሳስ፣ በቀጭኑ አስምሬ።
ኮሶው ብቻውን ይጠጣ፣ እንደተባልኩት።
«ሥነ ምግባር»ን ግን ከታች አንሥቼ ወደ ላይ አወጣሁት።
ብርዛፍ «አሁንስ ምን ተገኘ?» አለች፤
መልስ ስትጠብቅ አንቀላፋች።

ጠዋት ወረቀቱን ገልብጬ በፊቱ ስም ጠራሁ፤
ሙዓዝ እጁን ሲያነሣ፣ ከስሙ ጎን ምልክት አደረግሁ።
ዛሬ ግን መንገዱ ክፍት ነው፤ ኢክባል ደስ ብሎት ያፏጫል፤
ክሬኑ፣ ፎቁ፣ ድልድዩ፣ ሳይቆጠር ያመልጣል።
ኸምሳ ላይ እንደቆምን ነን።
መዘግየት የሚያስቀጣው ሹፌር፣ የሚረግመው ሰው ሁሉ ይቅር ይበለኝ፤
ነገ እንኳ ፈጣሪ
መንገዱን ጥቂት ይዝጋልኝ።